ሊብሬው 1957 ይላል፤ መስኮቱስ? የአንድን ቮልስ ዘመን ስለ መለየት

ጥያቄ፦ «አባቴ ያወረሱኝ ቮልስ ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን 1957 ይላል። እሑድ ጠዋት የቮልስና የሌሎች የጥንት መኪኖች ባለቤቶች ወደሚሰባሰቡበት ቦታ ይዤው ስሄድ አንድ ትልቅ ሰው ዙሪያውን አይተውት ‹የ1957 ቮልስ የኋላ መስኮቱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ይኼ አይደለም› አሉኝ። ሌላው ደግሞ የፊት መብራቱን አይቶ ‹የ1968 ነው› አለኝ። የሻንሲ ቁጥሩ በ115 የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አኃዝ ነው። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ የሌሎችን መኪኖች ስመለከትስ ምን ምን ማየት አለብኝ?»

መልስ፦ መልሱን በአጭሩ ላስቀድም። መኪናዎ የ1965 ሞዴል ነው። ቮልስዋገን በዚያ ዘመን የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው ፋብሪካው ከበጋ ዕረፍት ሲመለስ፣ በኦገስት ወር ስለነበረ፣ የ1965 ሞዴል ማለት ከኦገስት 1964 እስከ ጁላይ 1965 የተሠራ መኪና ማለት ነው። የኢትዮጵያ 1957 ዓ.ም. ደግሞ የጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1964 ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አንዳችም ጠብ የለውም። ትልቁ ሰው መኪናው የአውሮፓ 1957 አለመሆኑን በትክክል ለይተዋል፤ የሳቱት ቁጥሩ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባለመጠየቃቸው ብቻ ነው። መብራቱን ያየው ሰው ግን ያየው ፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ) እንጂ መኪናውን አይደለም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የአውሮፓ መሆናቸውን ያስታውሱልኝ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም በአገራችን የጥንት መኪና ላይ ከሚነሱ ክርክሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከእርሱ ነው። ሊብሬ ላይ የሚሰፍር ዓመት አንዳንድ ጊዜ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት፣ አንዳንድ ጊዜ አገር ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ታርጋ የተሰጠበት፣ አንዳንድ ጊዜም ሊብሬው ሲታደስ አንድ ጸሐፊ ከቀድሞው ወረቀት ሳይለውጥ የገለበጠው ሊሆን ይችላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ደግሞ በቮልስ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሞላላ መስኮት ካለው መኪና እስከ እርስዎ መኪና ድረስ ያለው ርቀት ያን ያህል ነው። ስለሆነም ወረቀት የመጀመሪያው ምስክር ይሁን እንጂ የመጨረሻው ዳኛ አይሁን እላለሁ። ዳኛው ብረቱ ነው።

ብረቱን ለማንበብ ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ውስጥ ስሠራበት የኖርኩት አንድ ሕግ አለኝ፦ በብሎን የታሰረ ነገር ሁሉ ሊለወጥ ይችላል፤ ከአካሉ ጋር ተቆርጦ የተበየደ ነገር ግን ከመኪናው ጋር ይኖራል። ቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎቹ፣ የፊትና የኋላ ኮፈኑ፣ ፓራውልቶቹ (የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያዎቹ)፣ መርገጫዎቹና በሮቹ በብሎን የተያዙ ናቸው። አንድ ሠራተኛ ፓራፋንጎውን ጠዋት ፈትቶ ከሰዓት ሌላ ሊገጥም ይችላል። የቮልስ የፊት መብራት ደግሞ የተተከለው በፓራፋንጎው ላይ ነው። እንግዲህ ከስልሳ ዓመት በፊት ከተሠራ መኪና ላይ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ስንት ጊዜ ተጋጭቶ ስንት ጊዜ ከተጠገነ መኪና ላይ፣ መጀመሪያ የሚለወጠው የትኛው አካል ነው? ፓራፋንጎ ነው። ከኦገስት 1967 በፊት የተሠሩት መኪኖች መብራት ከፓራፋንጎው ጉብታ ጋር አብሮ ወደ ኋላ የተጋደመ መስታወት ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ላይ ግን መስታወቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእርስዎ መኪና ቀጥ ያለ መብራት ካለው፣ አባትዎ ወይም ከእርሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት በአንድ ወቅት ፓራፋንጎውን ከኋለኛ ዘመን መኪና ወስዶ አስገጥሟል ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የመኪናውን ዕድሜ አይናገርም።

መስኮት ግን በላሜራው ውስጥ የተቆረጠ ቀዳዳ ነው። መስታወቱ ይሰበራል፣ ይለወጣል፤ የቀዳዳው መጠን ግን ማንም ሰው ያለ ብዙ ድካምና ያለ ምክንያት አይነካውም። ስለዚህ ወደ አንድ ቮልስ ስጠጋ አስቀድሜ የምሄደው ወደ ኋላው ነው። የኋላ መስኮቱ መሃሉን በብረት ተከፍሎ ሁለት ከሆነ መኪናው ከማርች 1953 በፊት የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን በአገራችን ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው፤ ካጋጠመዎት ቆመው ባለቤቱን ያመስግኑ። ከማርች 1953 እስከ ጁላይ 1957 የተሠራው ያ ሞላላው ነው። ከኦገስት 1957 ጀምሮ መስኮቱ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያዘ። በኦገስት 1964 ደግሞ ሁሉም መስኮቶች በአንድ ጊዜ ሰፉ፤ የፊቱ መስታወት ቁመቱ ጨመረ፣ ትንሽም ጎበጥ አለ፤ የጎኖቹ መስኮቶችም ምሰሶዎቻቸው ቀጠኑ። ይህ የእርስዎ መኪና ዘመን ነው።

ይህን የ1964 ለውጥ ከሩቅ ለመለየት አንድ ጥሩ ምልክት ልስጥዎት። በፊት በር መስታወት ላይ ያለችውን ትንሿን ሦስት ማዕዘን መስኮት፣ ለነፋስ የምትከፈተውን፣ ይመልከቷት። ከኋላዋ የቆመችው ቀጭን ዘንግ ከመሬት ጋር ቀጥ ብላ ከቆመች መኪናው ከኦገስት 1964 በፊት ነው፤ ዘንጓ ወደ ኋላ ጋደል ካለች ከዚያ ወዲህ ነው። በር በብሎን የሚፈታ ነው ብለው ይከራከሩኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የበሩ መስኮት ከአካሉ ምሰሶ ጋር መግጠም ስላለበት የሁለቱን ዘመን በሮች በቀላሉ ማቀያየር አይቻልም። በዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ የአካል ምልክቶች ያክሉ፦ ከኋላ የጎን መስኮቶች በስተጀርባ በላሜራው ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረጠ የአየር መውጫ ካለ መኪናው ከኦገስት 1970 ወዲህ የተሠራ ነው፤ የፊት መስታወቱ እንደ ዘመናዊ መኪና ወደ ጎን በጣም ጎብጦ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ከኦገስት 1972 ጀምሮ የወጣው 1303 የተባለው ሞዴል ነው። የነዳጅ መሙያውም ቦታ ይረዳል፤ እስከ 1967 አጋማሽ ድረስ ለመሙላት የፊት ኮፈኑን መክፈት ግድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀኝ በኩል ከውጭ የሚከፈት ክዳን መጣ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይሰናከላሉ። አንደኛው የብራዚል ሥሪት ነው። በብራዚል የሚሠራው ቮልስ በጀርመን ከ1958 እስከ 1964 የነበረውን አካል፣ ወፍራም የበር ምሰሶውንና ትንንሽ የጎን መስኮቶቹን እንደያዘ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል፤ ስለዚህ ትንሽ መስኮት ያለው መኪና ሁሉ ከ1964 በፊት የተሠራ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛው 1200 የተባለው ርካሹ ሞዴል ነው። ፋብሪካው ዋና ሞዴሎቹን በ1967 ሲያድስ ይህን ሞዴል በቀድሞው የፊት መብራትና በቀድሞው ፓራውልት ለተጨማሪ ዓመታት ሸጦታል። አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም የምለው ስለዚህ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ምልክቶች በአንድ ዓመት ላይ ሲገናኙ ነው ልብ የሚያርፈው።

አሁን ወደ ሻንሲ ቁጥርዎ እንምጣ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥሩን ለማንበብ ቀላል አድርጎታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 11 ተራው ባለ ጣሪያ ቮልስ ነው፤ ጣሪያው የሚታጠፈው 15 ነው። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ 5 ማለት 1965 ነው። የቀሩት ስድስት አኃዞች የተራ ቁጥር ናቸው። በ1970 ሞዴል የቁጥሩ ርዝመት ወደ አሥር አኃዝ ስላደገ የ1965ን ከ1975 ማምታታት አይቻልም። ይህ ቁጥር የተመታበት ቦታ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በሻንሲው መሃል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ነው፤ መቀመጫውን አንሥተው አቧራውን በጨርቅ ይጥረጉና በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከፊት ኮፈኑ ውስጥ በስኮርታ (በተጠባባቂ) ጎማው አካባቢ የተመታው ትንሽ ሰሌዳ ላይም ይገኛል፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው።

እዚህ ላይ ያወጣሁትን ሕግ ራሴ ማሻሻል ይኖርብኛል፤ የቮልስ አካልና ሻንሲ (አካሉ የሚቀመጥበት የታችኛው ክፍል) እርስ በርስ የተያያዙት በብዙ ብሎኖች ነውና። ከባድ አደጋ የደረሰበትን አካል አውርዶ በሌላ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ በአገራችን ብዙ ጊዜ የተሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩ የሚመሰክረው ለሻንሲው፣ መስኮቱ የሚመሰክረው ለአካሉ ነው። የሁለቱ ምስክርነት አንድ ሲሆን ብቻ ነው «ይህ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ አካልና ሻንሲው አልተለያዩም» ለማለት የሚቻለው። በእርስዎ መኪና ላይ ለማረጋገጥ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፦ የእጅ ፍሬኑን ይመልከቱ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሙቀት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ከእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ዘንጎች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በዚያው አካባቢ የሚዞር ክብ ቁልፍ ነበር። ይህ የሻንሲው አካል ስለሆነ ማንም ሰው ለማሳመር ብሎ አይለውጠውም። የኋላ ኮፈኑን መክፈቻም ይዩ፤ በዚያው ዓመት የሚጠመዘዘው እጀታ ቀርቶ በአውራ ጣት የሚጫን ሆነ፤ ግን ኮፈን ይለወጣልና ይህን እንደ ደካማ ምስክር ይያዙት።

የሞተሩን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ተመትቷል። በዲ ፊደል የሚጀምር ከሆነ የ1200፣ 34 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው፤ ለእርስዎ መኪና የተገባው ይኸው ነው። ኤፍ የ1300፣ ኤች የ1500 ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ሞተሩን እንደያዘ የቆየ ቮልስ ብዙ አያጋጥመኝም፤ ሞተር ያረጃል፣ ይለወጣል። መኪናው ቀድሞ በ6 ቮልት የሚሠራ ስለነበረ አሁን ባትሪው 12 ከሆነ፣ ያስለወጠው ሰው የሞተሪኖውንና (ሞተሩን የሚያስነሣውን) ከእርሱ ጋር የሚገጥመውን የቮላኖውን ጥርስ አብሮ አስለውጦ እንደሆነ ይጠይቁ። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀር መኪናው ሲነሣ የሚያሰማው ጩኸት ጥርስ የሚበላ ጩኸት ነው።

ዘመኑን መለየት የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የሌላ ሰው መኪና ሲመለከቱ ምን ማየት እንዳለብዎት፣ ለእኔ የበለጠ ይከብደኛል፤ ይበልጥም ደስ ይለኛል። በእነዚህ የእሑድ መሰባሰቦች ላይ ብዙ ተመልካች የሚከበው አዲስ ቀለም የተቀባውን፣ ኒኬሉ የሚያብለጨልጨውን፣ ትልልቅ ቸርኬ የገጠመውን ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የፊት ኮፈኑ ሲከፈት ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ እመለከታለሁ። መኪናው ሲቀባ ቀለም ቀቢው ከውጭ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ወደዚያ ጎድጓዳ ታች ግን እጁ አይደርስም፣ ወይም አይደክምበትም። ጎማው ሲነሣ ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም ብቅ ይላል። ከላይ ቀይ የሆነ መኪና ከሥር ሰማያዊ ሆኖ ሲገኝ፣ በዚያ ሰማያዊ ላይ ደግሞ ጎማው ለዓመታት ሲፈትገው የሠራው ክብ ጭረት ሲታይ፣ መኪናው ሥራ ላይ የኖረበትን ዘመን እንዳለ ያሳያል። ከክሩስኮት በስተጀርባና ከበሩ ማጠፊያ ሥር ያለው ላሜራም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ወደ ፍጥነት መቁጠሪያው እጠጋለሁ። ቪዲኦ የተባለው ኩባንያ ሥራ የሆነው መቁጠሪያ በገጹ የታችኛው ጠርዝ ወይም በጀርባው ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት በጥቃቅን አኃዝ ተጽፎበታል። ቸርኬዎቹም እንዲሁ ወርና ዓመት ተመትቶባቸዋል፤ የቸርኬው ክዳን ሲወልቅ ይታያል። አራት ቸርኬ ያለው መኪና አራት የተለያየ ዓመት ሲይዝ አይቻለሁ፤ ምንም ክፉ ነገር የለውም፣ ነገር ግን አራቱም ከሻንሲው ዓመት ጋር የተስማሙበት መኪና ሳገኝ ባለቤቱን ቁጭ ብዬ ማነጋገር እፈልጋለሁ። ከፊት ኮፈኑ ላይ በሚለጠፈው የቮልፍስቡርግ ከተማ ዓርማ ግን አይታለሉ። ፋብሪካው ያን ዓርማ የሚያደርገው እስከ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ድረስ ነበር፤ ዛሬ ግን ከገበያ ተገዝቶ በየትኛውም ዘመን መኪና ላይ ይለጠፋል።

የላሜራውን ጤንነት ለማወቅ በሩን ዝጉት ብለው ባለቤቱን ይለምኑ። የቮልስ አካል አየር እንዳያስገባ ሆኖ በመሠራቱ፣ ጎሚኒዎቹ ጤነኛ ከሆኑና መስኮቶቹ ሁሉ ከተዘጉ፣ በሩ በቀላሉ አይዘጋም፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ላይ ግፊት ይሰማዋል። ያለ ምንም ተቃውሞ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ በር አንድ ቦታ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ እንዳለ ይናገራል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ በሚያልፈው የሙቀት ማስተላለፊያ ቦይ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ብረትን እንደ ባሕር ዳርቻ አገር አይበላም፤ እኛ ግን መኪናውን ከውስጥ በውኃ ማጠብ ስለምንወድ፣ ውኃው ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ተኝቶ ይሠራዋል። ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ቀኝ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ የሚያፈስበት ወለልም ቶሎ የሚበሳው እርሱ ነው። በስቱኮ የተሞላ ጎንን ለመለየት በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በቂ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን በሌላ ሰው መኪና ላይ ማግኔት ማስጠጋት በሰው ሚስት ጌጥ ላይ ዋጋ እንደ መጠየቅ ያለ ድፍረት ነው።

ስለ ጥገና ያለኝን አቋም በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ወዳጆቼ «ኦሪጂናል» ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላሉ። እኔ ከእነርሱ አልስማማም። በአገራችን መለዋወጫ በማይገኝባቸው ረጃጅም ዓመታት፣ በደርግ ዘመንም ከዚያም ወዲህ፣ እነዚህን መኪኖች በሕይወት ያቆዩት ባትላሜራዎችና መካኒኮች ናቸው። ከዘይት በርሜል ላሜራ ቀጥቅጦ የወለል ቁራጭ የሠራ፣ ከቧንቧ ፓራውልት ያጎበጠ፣ ማርሚታ በእጁ የበየደ ሰው ሥራው እንደ ፋብሪካው ሥራ ሊመረመርና ሊደነቅ ይገባዋል። ብየዳው ቀጥ ብሎ ሄዷል ወይ? ቁራጩ ከመጀመሪያው ላሜራ ጋር ያለ ጉብታ ተገናኝቷል ወይ? የበሩ ክፍተት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው ወይ? እነዚህን የሚመልስ ጥገና ካየሁ፣ ከውጭ አገር ከመጣ አዲስ ዕቃ ይልቅ እርሱ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ እቆማለሁ። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልሆነን ዘመን ለማስመሰል የሚደረግ ሥራ። የ1965 መኪና ላይ የ1955 ዓርማና መብራት ለጥፎ «የ1955 ነው» ብሎ መሸጥ በገዢውም በመኪናውም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ድምፁንም ማድመጥ ይልመዱ። በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በቦክሰር አቀማመጡ (ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ተኝተው) የሚያሰማው ድምፅ ምንጊዜም ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን እዚህ ያጣል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ አገር እንደተመጠነ ከቀረ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበትና ከኋላው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ዝቅ ባለ ዙር ሳይንገዳገድ የሚሠራ፣ ጋዝ ሲሰጠው ሳያስነጥስ የሚነሣ ቮልስ ካጋጠመዎት፣ ባለቤቱ ወይም መካኒኩ የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ለከፍታው አሳንሶ ያስተካከለ አዋቂ ነው። ይህን ዕውቀት በመጠየቅ ያገኙታል።

የአጠያየቅ ወግም አለው። መኪኖቹን ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ መኪናውን በአስተማሪነት ወይም በመንግሥት ሠራተኝነት ደመወዛቸው ከአዲስ የገዙ፣ ወይም ከአባታቸው የወረሱ ሰዎች ናቸው። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ «መኪናውን ማየት እችላለሁ?» ይበሉ፤ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ወይም ከጀርባዎ ያድርጉ። ስንት ይሸጣል ብሎ መጀመር ጨዋነት አይደለም። ከዚያ ይልቅ ከማን እጅ እንደመጣ፣ የት የት እንደሄደ፣ ማን እንደሚጠግነው ይጠይቁ። እኔ የማውቃቸው አንድ አባት መኪናቸውን ለማሳየት የሚጀምሩት ከሞተሩ ሳይሆን ከክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ካለው የተላጠ የአገልግሎት ደብተር ነው፤ የተቀየረው ዘይት፣ የተለወጠው ቺንጋ፣ የተጠገነው ቴስታታ፣ ሁሉም በእጅ ጽሕፈታቸው በዓ.ም. ሰፍሯል። ዋጋ የማይተመንለት ሰነድ ነው፤ ከአባትዎ እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቶ እንደሆነ ቤትዎን ይፈትሹ።

ቮልስ በአገራችን ትዝታ ውስጥ ያለውን ስፍራ ማስታወስም ለዕይታዎ ይረዳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር፤ ያን ቀን የኖሩ ሰዎች ቮልስ ሲያዩ ዛሬም ይህን ያነሣሉ። የዓለም የቮልስ ቀን ሆኖ የሚከበረው ጁን 22፣ በእኛ ሰኔ 15፣ ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1934 መኪናውን ለመንደፍ ውል የፈረመበት ቀን ነው። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ የወጣው በጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ በጠቅላላው የተሠሩት 21,529,464 ናቸው። ወደ እኛ አገር ግን ከእንግዲህ ብዙ አይመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ግብር እጅግ ከባድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም አሁን በየግቢው ያሉት ናቸው ያሉን።

ከቮልስ ሌላ በዝግጅቱ ላይ ለሚያዩዋቸው መኪኖችም ያ የብሎንና የብየዳ ሕግ ይሠራል። ፊያት 600ን፣ ሴይቼንቶን፣ ለመለየት በሩን ይመልከቱ፦ በሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ ወደ ፊት የሚከፈት ከሆነ ከ1964 አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው፤ ማጠፊያው የተተከለው በአካሉ ምሰሶ ላይ ስለሆነ ይህ አይዋሽም። ላንድሮቨር ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። አካሉ አልሙኒየም ሆኖ በብሎን የተሰባሰበ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ሊለወጥ ይችላል። መብራቶቹ በ1968 እና በ1969 ከመሃል ፍርግርጉ ወደ ጎን ፓራፋንጎው መዛወራቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ነገር ግን የፓራፋንጎው መለዋወጥ ስለማይከብድ፣ ላንድሮቨርን ያለ ሻንሲ ቁጥሩ ዘመኑን ለመናገር እኔ አልደፍርም። ፔዦ 404 ላይ ደግሞ ጊዜዬን የማጠፋው ዘመኑን በመለየት ሳይሆን ፒኒንፋሪና የነደፈውን የጎን መስመሩን ከፊት መብራት እስከ ኋላ ጫፍ በዓይኔ በመከተል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ከተሰበረ እዚያ ግጭት ደርሷል።

ወደ እርስዎ መኪና ልመለስና ማድረግ የሚገባዎትን ልንገርዎት። በመጀመሪያ መቀመጫውን አንሥተው የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶግራፍ ያስቀሩ፤ ከሊብሬውና ከፊቱ ሰሌዳ ጋር ያመሳክሩ። ከዚያ ቮልፍስቡርግ ለሚገኘው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም ፋውንዴሽን ቁጥሩን ልከው የልደት ምስክር ወረቀት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ክፍያ አለው፤ ወረቀቱ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የፋብሪካውን ቀለምና ወደ የትኛው አገር እንደተላከ ይነግርዎታል። በስኮርታው ጎድጓዳ ውስጥ ያገኙት ቀለም ከወረቀቱ ጋር መስማማቱን ሲያዩ፣ አካልና ሻንሲው እንዳልተለያዩ ሦስተኛውን ምስክር አገኙ ማለት ነው። የፊት ፓራፋንጎዎቹን ወደ ተጋደመው መብራት መመለስ ቢፈልጉ በአዲስ አበባ በድሮ ዕቃ ገበያ አሁንም ይገኛሉ፤ ሲገዙ ዝገቱን እንጂ ቀለሙን አይዩ። አሁን ያሉትን ግን አይጣሉ፣ አይሽጡም። በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያስቀምጧቸው፤ አባትዎ የነዱበት መኪና ገጽታ እርሱ ነውና፣ ነገ ልጅዎ ያንን መልክ መመለስ ይፈልግ ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ትልቁን ሰው ሲያገኟቸው ደግሞ ሊብሬውን ከምስክር ወረቀቱ ጋር ያሳዩዋቸው፤ ሞላላውን መስኮት አውቀው የተናገሩ ሰው ብዙ የሚያስተምሩዎት ነገር አላቸው።